የትኛው ንዑስ አንቀጽ ይሰረዝ? አንቀጽ 35ን «ጌጥ» ላለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር የሰው ዓይን የሚያርፈው በአንቀጽ 39፣ በሰንደቅ ዓላማው ወይም በመሬት ላይ ነው። ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዘዋወር የሰነበተው ረጅም ጽሑፍ ግን ብዙ ሰው በማይነካው ቦታ ላይ አነጣጥሯል፤ የሴቶችን መብት በሚደነግገው አንቀጽ 35 ላይ። እኔ ጅማ ውስጥ ለባለጉዳዮች አቤቱታ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጽሑፉን የላኩልኝ የሥራ ባልደረቦቼም ደንበኞቼም ናቸው፤ ከፊሎቹ «መልስ ስጥበት» ብለው፣ ከፊሎቹ ደግሞ «እውነታቸውን አይደል?» ብለው። ስድብ የለበትም፣ አማርኛውም ያማረ ነው፤ ሰው የተቀበለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የሴቶች እኩልነት ወደ ሕገ መንግሥቱ የገባው ኢትዮጵያውያት ጠይቀውት ሳይሆን የውጭ አማካሪዎች ይዘውት መጥተው ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው፣ ባልን የቤተሰብ ራስ የሚያደርገው የፍትሐ ብሔር ሕግ «የራሳችን ሥርዓት» ነበር ይላሉ። አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ካለ በኋላ ሴቶችን ለብቻ አንሥቶ ዘጠኝ ንዑስ አንቀጽ መደርደር ድግግሞሽ ነው፣ «የድጋፍ እርምጃ» የሚለው ደግሞ እኩልነቱን ራሱን ያፈርሰዋል ይላሉ። ወረቀት ኑሮ አይለውጥም፤ አሜሪካ እንዲህ ያለ አንቀጽ ሳይኖራት ሴቶቿ ከእኛ ሴቶች በእጅጉ ይሻላሉ፣ እኛ ግን አንቀጹን ታቅፈን «ላም አለኝ በሰማይ» እንላለን ይላሉ። አንቀጹ ሽማግሌንና ሃይማኖትን ገፍቶ ቤተሰብን ለፍርድ ቤት አሳልፎ ሰጥቷልም ይላሉ፤ እዚህ ላይ ጅማን በስም ጠርተዋል። መደምደሚያቸው፣ ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል አንቀጽ 35 በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለል የሚል ነው።

ከውጭ መጣ የሚለውን ፈጥኜ ልለፈው። በሕገ መንግሥቱ ዝግጅት የውጭ አማካሪዎች ነበሩ፤ አልክድም። ነገር ግን የባዕድ እጅ የነካው ሕግ ሁሉ ባዕድ ከሆነ፣ ጸሐፊው «የራሳችን» ያሉትን የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። ኢትዮጵያውያትስ አልጠየቁም ወይ? በጎሬ ፋሺስትን ከተዋጉት ጥቁር አንበሶች ጋር ተሰልፈው፣ አዚናራ በምትባል የጣሊያን ደሴት ታስረው የተመለሱት ሰንዱ ገብሩ በ1950 በተደረገው ምርጫ ተወዳድረው የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የገቡት ማንም አማካሪ ጎትቷቸው አይደለም። የአሁኑ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅም መዓዛ አሸናፊ በኮሚሽኑ ውስጥ የሕግ አማካሪ ነበሩ፤ ወዲያውም ከሙያ አጋሮቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ወደ ማኅበሩ እመለሳለሁ።

አንቀጽ 25 ይበቃል የሚለው ግን ሰፊ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ይህን ሐሳብ አገራችን ሞክራው ታውቃለች። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው የሕግ እኩል ጥበቃ አይነፈገውም ይል ነበር። ወንድ ሴት ሳይል፣ በደፈናው። አምስት ዓመት ሳይሞላ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስቱም በሕግ ባልተከለከለ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል አለ። የጋራ መኖሪያውን የሚመርጠው ባል ነው። ባልየው ለሚስቱ የቤት አገልጋይ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ የሚያስገድድ ድንጋጌም ነበረበት፤ ሕግ ማዕድ ቤት ድረስ ገብቶ ሽንኩርቱን ማን እንደሚልጥ ወሰነ ማለት ነው። ለማግባት ወንድ 18፣ ሴት 15 ዓመት ይበቃቸው ነበር። ቀደም ብሎ የወጣው የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ክስ አይቀርብበትም ይል ነበር። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ቁጥር ተሰጥቶት አንቀጽ የሆነበት ዘመን ነበር። ይህን የጻፉ ሰዎች ሕገ መንግሥቱን የናቁ አልነበሩም። ቅራኔው አልታያቸውም፤ «ማንም ሰው» ሲባል ሚስት አልታሰበቻቸውም።

አሜሪካኖችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው የሕገ መንግሥታቸው 14ኛው ማሻሻያ ማንም ሰው የሕግ እኩል ጥበቃ እንዳይነፈግ ያዝዛል። ከአምስት ዓመት በኋላ ማይራ ብራድዌል የምትባል ሴት የጥብቅና ፈቃድ በኢሊኖይ ስትከለከል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 14ኛው ማሻሻያ አያድናትም አለ። ያው ፍርድ ቤት በዚህ ማሻሻያ መሠረት አንድን ሕግ በጾታ አድልዎ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ የሻረው በ1971 ነው፤ የሟችን ንብረት ለማስተዳደር ወንድ ከሴት ይቀድማል የሚለውን የአይዳሆ ሕግ። ከ1868 እስከ 1971 ሲቆጠር 103 ዓመት ነው። በደፈናው የተጻፈ እኩልነት ሴቶችን እስኪያይ ድረስ ይህን ያህል ፈጀበት።

ሌላም አለ። እኩልነት ሲባል ከማን ጋር? የወለደች ሴት ከማን ጋር እኩል ትደረግ? ከማይወልደው የሥራ ባልደረባዋ ጋር ካስተካከሏት ነገ ጠዋት ሥራ ትግባ ማለት ነው። ይህ የእኔ ፌዝ እንዳይመስላችሁ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ የኢንሹራንስ ዕቅድ እርግዝናን ለይቶ ማስቀረቱ የጾታ አድልዎ አይደለም ብሎ ፈርዷል። የእኛ አንቀጽ 35(5) ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበትን የወሊድ ፈቃድ በስሙ ጠርቶ አስቀመጠው። የ2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ፈቃዱን ከ90 ወደ 120 ቀን ሲያሳድገው መብቱ መኖር አለመኖሩ አላከራከረም፤ ክርክሩ በቀኑ ብዛት ላይ ነበር። አሜሪካ በግል ድርጅት የሚሠሩትን ሁሉ የሚሸፍን፣ ደመወዝ የሚያስከፍል የፌዴራል የወሊድ ፈቃድ ሕግ ዛሬም የላትም።

ስለ ድጋፍ እርምጃው ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል። በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴት ሲሆን ሁላችንም ፎቶውን አይተናል፤ ፎቶው ግን እዚሁ ጅማ ዞን፣ ዴዶ ያለችውን ገበሬ ደጅ አልደረሰም። በመድረክ ቁጥር መሙላትን ከፍትሕ ጋር የሚያምታቱ ባለሥልጣናት ሞልተዋል። ይሁን እንጂ አንቀጹ እርምጃውን ያስቀመጠው ከምክንያቱ ጋር ነው፤ በታሪክ የደረሰባቸውን በደል ለማረም ይላል። በ15 ዓመቷ መዳርን ሕግ ሲፈቅድላት የኖረችን ሴት ልጅና 18 እስኪሞላው የጠበቀ ወንድሟን አንድ መሥመር ላይ አቁሞ «ሩጡ» ማለት እኩልነት አይደለም።

ወደ አሜሪካ ምስክርነት እንምጣ። የኒውዮርክ ሴት ከጅማ ሴት የተሻለ ትኖራለች፤ ልክ ነው። የኒውዮርክ ወንድም ከጅማ ወንድ የተሻለ ይኖራል። የእሱንስ ኑሮ ያሻሻለው የየትኛው አንቀጽ አለመኖር ነው? ሀብትን ከሕግ ጋር ቀላቅለው ካነጻጸሩ በኋላ ልዩነቱን ለሕግ መስጠት የስሌት ስሕተት ነው።

ደግሞም አሜሪካ ያለ አንቀጹ የቀረችው ሳትፈልገው አይደለም። የሴቶች መብት ታጋይዋ አሊስ ፖል፣ በጾታ ምክንያት የመብት ልዩነት እንዳይደረግ የሚከለክለውን የእኩል መብት ማሻሻያ ያቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነበር። ኮንግረሱ እስኪያሳልፈው 1972 ደረሰ። ከ50ዎቹ ግዛቶች 38ቱ በሰባት ዓመት ውስጥ ማጽደቅ ነበረባቸው፤ ገደቡ እስከ 1982 ተራዝሞም 35 ላይ ቆመ፤ ካጸደቁትም አምስቱ ሐሳባችንን ቀይረናል አሉ። ኔቫዳ በ2017፣ ኢሊኖይ በ2018፣ ቨርጂኒያ በ2020 ሲያጸድቁ ቁጥሩ 38 ሞላ፤ ገደቡ ግን አልፏል ተባለ። ፕሬዚዳንት ባይደን በጃንዋሪ 2025 ሥልጣን ሊያስረክቡ ቀናት ሲቀሩ ማሻሻያው የአገሪቱ ሕግ ነው ቢሉም የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ኃላፊ አላተሙትም። ከመቶ ዓመት በላይ የተለፋበት ነገር ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ወረቀቱ ዋጋ ከሌለው የሚደግፉት ብቻ ሳይሆኑ የሚቃወሙትም ሞኞች ነበሩ ማለት ነው፤ ፊሊስ ሽላፍሊ ማሻሻያው እንዳይጸድቅ በመላ አገሪቱ ድርጅት ዘርግታ ዓመታት ታግላለች። ጌጥ ብቻ ለሆነ ነገር እንዲህ የሚደክም ሰው አላውቅም።

ይህን ካልኩ በኋላ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ፦ ወረቀት ብቻውን እንደማይራመድ የሚያሳይ፣ እሳቸው ካነሡት የሚበልጥ ምሳሌ አለን። የደርግ ዘመኑ የ1979 ሕገ መንግሥትም ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ብሎ ነበር። አንቀጽ 635 ግን ንቅንቅ አላለም። ባል የቤተሰቡ ራስ እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ከአገዛዙ ጋር ወደቀ። አፍጋኒስታንም እ.ኤ.አ. በ2004 ሕገ መንግሥቷ ወንድና ሴት በሕግ ፊት እኩል ናቸው ብላ ጽፋ ነበር፤ በ2021 የሆነውን ሁላችንም አይተናል።

ታዲያ የአሁኑ ሕገ መንግሥት ከወጣበት ከ1987 በኋላ ምን ተለየ? አንቀጹን ይዘው የሚሟገቱ ሰዎች መኖራቸው ነው። የሴት ሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ሕገ መንግሥቱን በአንድ እጅ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን በሌላ እጅ ይዞ «ከእነዚህ አንዱ መውደቅ አለበት» አለ፤ ሕገ መንግሥቱ የሕጎች ሁሉ የበላይ ነው የሚለው አንቀጽ 9 የትኛው እንደሚወድቅ ይናገራልና። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ የባል ራስነትና የሚስት ታዛዥነት ቀረ፣ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ያ ሕግ የሚሠራው ግን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበር፤ እኛ ጅማ ያለነው ኦሮሚያ የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 እስኪያወጣ ጠበቅን። በግንቦት 1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠላፊን በጋብቻ ነፃ የሚያወጣውን ቀዳዳ ደፈነው። ማኅበሩም ዋጋ ከፍሎበታል፤ በ1994 መግቢያ ላይ ለጊዜው ታግዶ ነበር፣ በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ደግሞ የውጭ ገንዘቡን ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ እስከ 2011 ድረስ አሽመድምዶታል። ስለዚህ ሕጉ የተጓተተበትን ምክንያት የሚፈልግ ሰው አንቀጹን የተሸከሙትን እጆች ማን እንዳሰራቸው ይጠይቅ።

ጅማን በስም ወደጠሩበት ነጥብ ስመጣ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ጅማ የአባ ጅፋር አገር ናት፤ የሸሪዓ ዳኛው ቃዲም ሽማግሌም እዚህ ከየትኛውም ሕገ መንግሥት በፊት ነበሩ። ጸሐፊው ያላነበቡት የሚመስለኝ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይህን ማወቁን ነው። አንቀጽ 34(5) በሃይማኖትና በባህል ሕግ መዳኘትን ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 78(5) የእነዚህን ፍርድ ቤቶች እውቅና ይነግረናል። ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ የተከራካሪዎቹ ፈቃድ። መህሯን፣ ማለትም ባል በጋብቻ የሚሰጣትን ስጦታ፣ ለማስከበር ቃዲ ዘንድ መሄድን የምትመርጥ ሴት ሞልታለች፣ መብቷም ነው። ያልፈቀደችውስ? በ1996 ይህ ጥያቄ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ ነበር። አንዲት ሴት የውርስ ክርክሯ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዳይታይ ብትቃወምም ሰሚ አጥታ፣ ጉዳይዋ እስከ ሰበር ችሎት ደርሶ ተረታች። ምክር ቤቱ ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ዋጋ አሳጣው። ሸሪዓን አልነካም፤ ያስከበረው የእሷን ፈቃድ ነው።

ከሥራዬ አንድ ጉዳይ ልጨምር። ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት አንዲት እናት ከሰቃ ጨቆርሳ መጡ። በላስቲክ የተጠቀለለ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና ሽማግሌዎች የጻፉትን አንድ ገጽ ወረቀት ይዘዋል። ባላቸው ሌላ ሚስት አግብቶ ከወጣ በኋላ የቡናውን ማሳ ለሌላ ሰው በኮንትራት ሰጥቶታል። ወረቀቱ ሴትየዋ ሁለት ኩንታል ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ተቀብለው «በሰላም እንዲለያዩ» ይላል፤ ከሥሩ የአምስት ወንዶች ፊርማና የእሳቸው የአውራ ጣት አሻራ አለ።

«አንብበውልዎታል፣ እናቴ?» አልኳቸው በኦሮምኛ።

«ሰላም ነው፣ አትሚ አሉኝ፤ አተምኩ።»

ደብተሩን ገለጥኩት። ባለይዞታ በሚለው ቦታ ላይ የባልየውና የእሳቸው ስም አብሮ ተጽፏል። እሳቸው ስማቸው እዚያ መኖሩን አያውቁም ነበር፤ ደብተሩን ያመጡት ባልየው እንዳያገኘው ደብቀውት ስለነበር ብቻ ነው። ያ ስም እዚያ የገባው በማንም ቸርነት አይደለም። አንቀጽ 35(7) ሴቶች በመሬት አጠቃቀም፣ አስተዳደርና ማስተላለፍ እኩል ናቸው አለ፤ በ1997 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅና ከዚያ በኋላ የመጣው የኦሮሚያ አዋጅ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም ይመዝገብ አሉ፤ አንድ የመሬት ባለሙያ ሰቃ ድረስ ሄዶ ጻፈው። አቤቱታው ለወረዳው ፍርድ ቤት ቀረበ፣ የኮንትራቱ ውል ክርክሩ እስኪያልቅ ታገደ። የመጨረሻው ፍርድ ገና ነው። ሽማግሌዎቹን ጨካኝ አልላቸውም፤ ጠብ ማብረዳቸው ነበር። በገጠር መሬት ክርክር የኦሮሚያ ሕግ ራሱ መጀመሪያ ወደ ሽማግሌ ነው የሚልከው፣ ሽማግሌ ባይኖር ኖሮ ፍርድ ቤቶቻችን መዝገቡን አይችሉትም ነበር። ግን በዚያ ጉባኤ ላይ የሴትየዋን ድርሻ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀው ደብተሩ ብቻ ነበር።

ጸሐፊው አንቀጹ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለል ይላሉ። እንግዲያው የትኛው ይሰረዝ? ሰባተኛውን ከሰረዙ የሰቃዋ እናት ደብተር መሠረቱን ያጣል። አራተኛው፣ ጎጂ ልማድን የሚመለከተው፣ ከወጣ የወንጀል ሕጉ የሴት ልጅ ግርዛትን የሚቀጣበት ድንጋጌ ድጋፉን ያጣል። ስምንተኛው የሥራ ዕድገትን፣ እኩል ክፍያንና ጡረታን ይዟል፤ አምስተኛውን አይተነዋል። ስድስተኛውን በተመለከተ እሺ ልበል፤ የልማት ፖሊሲ ሲወጣ ሴቶች ሐሳባቸው ይጠየቅ የሚለው ነው፣ በእኔ ቀበሌ ስብሰባ ሴቶቹ በብዛት የሚጠሩት ቡና እንዲያፈሉ ነውና አልተሠራበትም። ያልተሠራበትን ማሠራት ነው እንጂ መሰረዝ ምን ይጠቅማል?

መንገዱንም ቢሆን ቀላል አድርገው አይዩት። አንቀጽ 35 የሚገኘው በምዕራፍ ሦስት ነው። አንቀጽ 105 እንደሚለው የዚህ ምዕራፍ መብት የሚሻሻለው ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ ሲስማሙ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤትም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሦስት ግዛቶች ጎድለው አንቀጹ ሳይገባ ቀረ፤ እዚህ ደግሞ አንድ ክልል እምቢ ካለ አይወጣም። ጸሐፊው ቅስቀሳቸውን ከክልላችን ምክር ቤት፣ ከጨፌ ኦሮሚያ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ መጀመሪያ የሴት አባላቱን ድምፅ ይጠይቁ።